ከፊርማው በኋላ፦ ስለ ሞዛምቢክ ሰላም የሚባለውና የሆነው

ኦክቶበር 4 ቀን 1992 የሞዛምቢክ ፕሬዚዳንት ጆአኪም ቺሳኖና የአማፂው የሬናሞ መሪ አፎንሶ ድላካማ ሮም ላይ የሰላም ስምምነት ፈረሙ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያደራደሯቸው የሳንት ኤጂዲዮ ማኅበር ካቶሊካውያን፣ የቤይራው ሊቀ ጳጳስ ጃይሜ ጎንሳልቬስና የጣሊያን መንግሥት ነበሩ፤ ንግግሩም ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቷል። አገሬው «የ16 ዓመቱ ጦርነት» የሚለው ያ እልቂት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ጨርሷል፤ 1.7 ሚሊዮን ሰው ወደ ጎረቤት አገሮች አሰድዷል። ከነዚህ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠውን ያስጠለለችው ትንሿና ድሃዋ ማላዊ ናት።

የእርስ በርስ ጦርነት በስምምነት ሲያልቅ የውጭው ዓለም ምን ሊያግዝ ይችላል ለሚል ሰው ሞዛምቢክ ጥሩ ማስረጃ ናት። ነገር ግን ስለዚህ ዓይነቱ ድጋፍ የምናምነው ብዙው ነገር በሞዛምቢክ ከሆነው ጋር አይገጥምም።

«የውጭ ድጋፍ ማለት ሰላም አስከባሪ ወታደር ነው»

እኛ አገር ይህ እምነት ቢሰፋ አይገርምም። ከኮሪያና ከኮንጎ ጀምሮ እስከ ቡሩንዲ፣ ላይቤሪያና አቢዬ ድረስ የኢትዮጵያ ወታደሮች በሰው አገር ዘብ ቆመዋል፤ ሰማያዊ መለዮ ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍ ሳሎን ውስጥ የተሰቀለበት ቤት ጥቂት አይደለም። ሞዛምቢክም ወታደር መጥቶላታል። የጸጥታው ምክር ቤት በዲሴምበር 1992 ኦኑሞዝ የተባለውን ተልእኮ አቋቋመ፤ ስድስት፣ ሰባት ሺህ የሚሆኑ ወታደሮች ከጣሊያን፣ ከባንግላዴሽ፣ ከቦትስዋና፣ ከዛምቢያ፣ ከኡራጓይና ከሌሎች አገሮች መጥተው ከወደቦቹ የሚነሡትን መንገዶችና የባቡር መስመሮች ጠበቁ።

ዋናው ጦር ግን የደረሰው ከፊርማው ስድስት፣ ሰባት ወር ቆይቶ ነው። በዚያ መሐል ተኩሱ በአመዛኙ ቆሞ ነበር። ያቆመውም የውጭ ዘብ ሳይሆን ድካም ነው፤ በዚያው ዓመት ደቡባዊ አፍሪካን የመታው ድርቅ ሁለቱንም ጦር አስርቧል፤ ገበሬውም ውጊያ በቃኝ ብሏል። ለሰላሙ የመጀመሪያውን ዋጋ የከፈሉት ሞዛምቢካውያን ራሳቸው ናቸው፤ ይህን የሚዘነጋ ታሪክ ጎዶሎ ነው።

ታዲያ የውጭው እጅ የት ላይ ጠቀመ? እንደ እኔ እምነት ከሁሉ በላይ የጠቀመው ማንም ፎቶግራፍ የማያነሣው ሥራ ነው፤ ወታደሩን አሰናብቶ ደመወዝ መክፈል።

ተዋጊዎቹ በ49 ካምፖች እንዲሰበሰቡ ተወሰነ። ሥራው የተጀመረው ግን በኖቬምበር 1993 መጨረሻ፣ ስንብቱ ደግሞ በማርች 1994 ነው። ካምፕ ውስጥ መጠበቅ አስመራሪ ነበር። በ1994 አጋማሽ የመንግሥትም የሬናሞም ወታደሮች በየካምፑ አመፁ፤ የጠየቁትም አሰናብቱን ነው። በአዲሱ የጋራ ጦር 30,000 ሰው ይታቀፋል ተብሎ ታቅዶ ነበር፤ ፈቃደኛ ሆኖ የተገኘው 12,000 ያህል ብቻ ነው። ሊዋጋ የሚፈልግ ሰው አልነበረማ!

ከ75,000 በላይ የሚሆኑት ተሰናባቾች የስድስት ወር ደመወዝ ከመንግሥት፣ የተጨማሪ 18 ወር ድጎማ ደግሞ ከለጋሽ አገሮች በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል ተመደበላቸው። ተሰናባቹ የሚኖርበትን ወረዳ ራሱ ይመርጣል፤ መጓጓዣ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡን እዚያው አካባቢ ካለ የባንክ ቅርንጫፍ ይቀበላል። በድምሩ ሁለት ዓመት ማለት ነው። ሁለት ዓመት ደግሞ ገበሬ ጎጆ የሚቀልስበት፣ ሁለት ክረምት የሚያርስበት፣ ሚስት የሚያገባበት ጊዜ ነው።

ብዙ ባለሙያዎች ይህን ተችተዋል። ሙያ ሳይማሩ ገንዘብ መስጠት ምን ይሆናል፣ ይጠጡታል ብለዋል። የጠጣው አይጠፋም። ዕቅዱ ግን ሀብታም ሊያደርጋቸው አልተነሣም፤ ከጓደኞቻቸው ነጥሎ፣ ከአዛዦቻቸው አርቆ ወደየዘመዶቻቸው ሊበትናቸው ነው። በሚያውቀው ቀን ከባንክ ገንዘብ የሚቀበል ሰው መንገድ ዳር ለመዝረፍ አይቸኩልም፤ ይህ ሥራውን ሠርቷል።

«ለአማፂ ገንዘብ መስጠት ጉቦ ነው»

ይህን የሚሉ ሰዎች ቁጣ ይገባኛል። ሬናሞ መንደር ያቃጠለ፣ ሕፃናትን አፍኖ ያዋጋ ድርጅት ነው። ተጎጂው በረሃብ ሲያድር ለአዛዡ ዶላር መቁጠር ያማል።

የሆነው ግን እንዲህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ልዩ ተወካይ የነበሩት ጣሊያናዊው አልዶ አዬሎ ሬናሞን ከጫካ ድርጅት ወደ ፓርቲ ለመለወጥ የአደራ ፈንድ እንዲቋቋም ተከራከሩ። ከጣሊያን የመጣው ገንዘብ ዋናውን ድርሻ የያዘበት፣ ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ፈንድ ተሰበሰበ። ገንዘቡ ለቢሮ፣ ለመኪና፣ ለመኖሪያና ለልብስ ወጣ። ለልብስ የሚለው የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ ጫካ የኖረ አዛዥ ማፑቶ ላይ ከሚኒስትሮች ፊት በተቀደደ ልብስ ተቀምጦ ይደራደር ማለት ተሸንፈሃል ብሎ መንገር ነው። የተዋረደ ሰው ደግሞ የሚመለሰው ወደሚያውቀው ነው፤ ድላካማ የሚያውቁት ጫካውን ነበር።

ጥቅሙ ከስምምነቱ በኋላ በተደረገው ምርጫ ታየ። ድምፅ መስጠቱ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ድላካማ ሊጭበረበር ነው ብለው ከምርጫው ወጣሁ አሉ። አምባሳደሮች፣ የጎረቤት አገር መሪዎችና አዬሎ ተረባርበው አቤቱታው እንደሚመረመር ቃል ሲገቡላቸው በማግስቱ ተመለሱ፤ ምርጫውም በአንድ ቀን ተራዘመ። ከተመዘገበው ሕዝብ 88 ከመቶ ያህሉ ድምፅ ሰጠ። ቺሳኖ 53.3፣ ድላካማ 33.7 ከመቶ አገኙ፤ በ250 መቀመጫ ምክር ቤት የቺሳኖ ፓርቲ ፍሬሊሞ 129፣ ሬናሞ 112 ወሰዱ። የተሸነፈው ወገን በፓርላማ የሚቀመጥበት ወንበር ነበረው።

«ምርጫ ቶሎ ከተደረገ አገር ይረጋጋል»

ለዚህ መልሱ አንጎላ ነው። የአገሪቱን ጦርነት ሊያቆም የታሰበው የቢሴስ ስምምነት በሜይ 1991 ተፈረመ፤ ምርጫው በሴፕቴምበር 1992 ተካሄደ። ሁለቱም ጦር ገና አልተበተነም። ከኢትዮጵያ ለሚሰፋ አገር የተላኩት የተባበሩት መንግሥታት ወታደራዊ ታዛቢዎች 350 ያህል፣ ፖሊሶቹም መቶ ጥቂት የሚያልፉ ነበሩ። ተልእኮውን የመሩት ማርጋሬት አንስቲ፣ ሥልጣን የሰጣቸው የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 747 መሆኑን አንሥተው፣ ቦይንግ 747 አብርሪ ተብዬ የዲሲ-3 ነዳጅ ተሰጠኝ ማለታቸው ይታወቃል። የአማፂዎቹ መሪ ዮናስ ሳቪምቢ በምርጫው ተሸነፍክ ሲባሉ ጦራቸው እጃቸው ላይ ነበርና ወደ ውጊያ ተመለሱ። ጦርነቱ ያበቃው እሳቸው በፌብሩዋሪ 2002 ከተገደሉ በኋላ ነው፤ ዐሥር ዓመት ሙሉ።

በሞዛምቢክም ምርጫው በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲሆን ሮም ላይ ተጽፎ ነበር። የአንጎላን ያዩት አዬሎ ጦሩ ሳይሰናበት ምርጫ አይደረግም ብለው ጸኑ። በኦክቶበር 1993 ዋና ጸሐፊው ቡትሮስ ቡትሮስ-ጋሊ ራሳቸው ማፑቶ ድረስ ሄደው አዲስ የጊዜ ሰሌዳ አስያዙ። ቀኑ በአንድ ዓመት ተገፋ፤ ያ መዘግየት ስንት ሕይወት እንዳዳነ አንጎላን አይቶ መገመት ይቻላል።

«ሊረዳ የመጣ አይጎዳም»

ይህን በአጭሩ ልበል፤ መዝለል ግን አልችልም። አንዳንድ የኦኑሞዝ ወታደሮች ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆናቸውን ልጃገረዶች ለዝሙት መልምለዋል። ነገሩ በ1996 ግራሳ ማሼል ለተባበሩት መንግሥታት ባቀረቡት ጥናት ተመዝግቧል። ምርመራ ተደርጎ የተነካኩት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ልጆቹስ? ከጦርነት ተርፈው ከጠባቂያቸው እጅ የወደቁ ልጆች ናቸው፤ ስለ ተልእኮው ስኬት የሚጻፍ ሁሉ እነሱን ይዞ መጻፍ አለበት።

«ተልእኮው ተሳክቶ ተደመደመ»

ኦኑሞዝ በጃንዋሪ 1995 ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ወደ 190,000 የሚጠጋ መሣሪያ ሰብስቦ ነበር፤ የተደመሰሰው ግን ጥቂቱ ነው፤ ያልተሰበሰበውም በየጫካው ተቀብሮ ቀረ። በኋላ የሞዛምቢክ ክርስቲያኖች ጉባኤ ጠመንጃ ላመጣ ሰው ብስክሌት፣ ዶማና የስፌት መኪና እየሰጠ ብዙ አወጣ። ሬናሞም በጎሮንጎሳ አካባቢ የታጠቁ ሰዎቹን አላሰናበተም፤ መንግሥትና ለጋሾቹ እያዩ እንዳላዩ አለፉት። በ2013 እነዚያው ሰዎች ተኩስ ከፈቱ።

ድላካማ በሜይ 2018 ጎሮንጎሳ ውስጥ ሞቱ። ተተኪያቸው ኦሱፎ ሞማዴና ፕሬዚዳንት ፊሊፔ ኒዩሲ በኦገስት 2019 ሌላ ስምምነት ፈረሙ። በዚህኛው ጊዜ ሰማያዊ መለዮ አልመጣም፤ የዋና ጸሐፊው የግል ልዑክ ሆነው ስዊዘርላንዳዊው ሚርኮ ማንዞኒ ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ነበሩ። 5,221 ተዋጊዎች በየተራ ተሰናበቱ። ብዙዎቹ ጠመንጃ ያነሡት በልጅነታቸው ሲሆን አሁን ሽበት አውጥተዋል፤ አጥብቀው የጠየቁትም ጡረታ ነበር። መንግሥት በ2023 ጡረታቸውን የሚፈቅድ ደንብ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ጁን ወር፣ ከሮሙ ፊርማ 30 ዓመት አልፎ፣ ቩንዱዚ ላይ የመጨረሻው የሬናሞ ካምፕ ተዘጋ።