ለፈተና ያልሆነ ንባብ በሰቆጣ

ስለ ወጣቶች የንባብ ልማድ ሲነሣ ዘወትር የሚሰማው «የዛሬ ልጅ አያነብም» የሚል ወቀሳ ነው። ነገሩን ከሰቆጣ ሆኖ ለሚመለከተው ግን ወቀሳው ዒላማውን የሳተ ይመስለኛል። በዋግ ኽምራ ደጋ፣ በተለይም በገጠሩ፣ የብዙ ልጆች አፍ መፍቻ ኽምጣና ነው። ተረቱንም እንቆቅልሹንም የሰሙት በዚያው ቋንቋ ነው። የዐማርኛን መጽሐፍ የሚያውቁት ባመዛኙ በክፍል ውስጥ፣ ጥያቄ አስከትሎ ሲመጣ ነው። እንግዲህ ልቦለድ ማለት መልስ የሚፈለግበት ወረቀት ቢመስላቸው ምን ይደንቃል?

በዚህ ረገድ የእኛም የሥነ ጽሑፍ ሰዎች እጅ አለበት። ልጁ ገና ሳይስቅና ሳያዝን ጭብጡን፣ ትልሙንና መቼቱን እንዲዘረዝር እንጠይቀዋለን። ጉዱ ካሣን «ከማኅበረሰቡ ጋር የተጋጨ ገጸ ባሕርይ» ብሎ ይጽፍልናል፤ በጉዱ ካሣ ምላስ ግን አንድም ቀን አልሳቀም።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወደ ብዙው ሕዝብ ጆሮ የገባው ግን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። አድማጩን ስለ ጭብጥ የጠየቀው አልነበረም፤ የተጠየቀው ነገር ቢኖር እስከሚቀጥለው ክፍል መታገሥ ነው። ንባብን ለመውደድ መጀመሪያው ይህ «ከዚያስ?» የሚል ጉጉት ይመስለኛል።

ይህ አሠራር ለዋግ በሌላም ምክንያት ይስማማል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የዞኑ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል። ለተማሪው ሁሉ የሚዳረስ ቅጂ እስኪገኝ ቢጠበቅ ልጆቹ ያድጋሉ። ለጮክ ብሎ ንባብ ግን አንድ ቅጂ ይበቃል። መምህሩ ወይም ድምፁ ደስ የሚል ተማሪ በሳምንት ኻያ ደቂቃ ያንብብ፤ ልብ በሚሰቀልበት ቦታ ላይ ያቁም። ማርክ አይኑር። መጽሐፉን ወደ ቤቴ ልውሰድ የሚል ከተገኘም ይውሰድ። (እንዳይጠፋ ተብሎ የተቆለፈ የመጻሕፍት ቁም ሣጥን አንባቢዬም ሳያውቅ አይቀርም።) የሚመረጠውም የግድ በዩኒቨርሲቲ የምናወድሰው ሥራ መሆን የለበትም፤ እኛ «ቀላል» የምንለው የወንጀል ልቦለድ ብዙ አንባቢ አፍርቷል።

ከሁሉ በላይ ልጆቹ የሰሙትን በኽምጣና ይከራከሩበት። አንዱ የገጸ ባሕርዩን ንግግር በራሱ ቋንቋ ሲደግመው ሌላው «እንዲያ አላለም» ያለው እንደሆነ፣ ሁለቱም መጽሐፉን መልሰው ይከፍቱታል።