ኦርኪድ በጎንደር ደጋ፦ አበባው ከረገፈ በኋላ ምን ይደረግ?

ኦርኪድ ውድ የጌጥ ተክል ነው። በሆቴል መቀበያና በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሦስት ወር ደምቆ ይቆይና አበባው ሲረግፍ ተክሉ አበቃለት ተብሎ ይጣላል። ይሁን እንጂ የረገፈው አበባው ብቻ ነው፤ ተክሉ ሕያው ነው። ተገቢው እንክብካቤ ከተደረገለት በየዓመቱ ሊያብብ ይችላል። በመሆኑም የጌጥ ተክል የሚሸጡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አንድ ጊዜ ባወጡት ገንዘብ ደጋግመው ሊጠቀሙ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ላሉ የልማት ሠራተኞችና ማኅበራት የተዘጋጀ ነው።

የአየር ጠባይና የዓይነት መረጣ

በገበያ በብዛት የሚገኘው ዓይነት ፋሌኖፕሲስ ይባላል። ቅጠሉ ሰፊ፣ አበባው የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለ ሲሆን የትውልድ አገሩ በአብዛኛው ሞቃታማው እስያ ነው። አዲስ የአበባ ዘንግ የሚያወጣው ሙቀቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲቆይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከ28 ዲግሪ በላይ ከሆነ ግን ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። በቆላ አገር ይህን ቅዝቃዜ ለማግኘት ማቀዝቀዣ መሣሪያ ያስፈልጋል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ግን ሥራውን ሌሊቱ ራሱ ይሠራዋል።

ብርዱም ቢሆን ልክ አለው። ፋሌኖፕሲስ ያለበት ክፍል ሌሊት ከ15 ዲግሪ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደባርቅ ከጎንደር በ4 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች። ስለዚህ ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለመሰል ቦታዎች ሲምቢዲየም የተባለውን ዓይነት መምረጥ ይሻላል። እርሱ ሌሊቱ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ሲሆን ለአበባ ይነሣሣል፤ ብርሃንም አብዝቶ ይወዳል። ውርጭ ግን ለሁለቱም አደገኛ ነው። የልማት ሠራተኛው ምክር ከመስጠቱ በፊት በክፍሉ ቴርሞሜትር ሰቅሎ በየማለዳው ቢመዘግብ ከግምት ይድናል።

አበባው ከረገፈ በኋላ የሚሠራ ሥራ

1. ዘንጉን መቁረጥ፦ የፋሌኖፕሲስ ዘንግ አረንጓዴ ከሆነና ተክሉ ጠንካራ ከሆነ ከሥር ተቆጥሮ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው አንጓ በላይ ይቆረጣል፤ ከአንጓው አዲስ ቅርንጫፍ ሊወጣ ይችላል። ዘንጉ ከደረቀ ወይም ተክሉ ከደከመ ከሥሩ ይቆረጥ። የሲምቢዲየም ዘንግ ሁልጊዜ ከሥሩ ይቆረጣል። ቢላዋውን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲያልፉ በእሳት መለብለብ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የቫይረስ በሽታ ይዛመታል።

2. ማብቀያውን መለወጥ፦ ፋሌኖፕሲስ በተፈጥሮው በዛፍ ላይ የሚኖር ስለሆነ በአፈር ውስጥ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። በየሁለት ዓመቱ የዛፍ ቅርፊት፣ የከሰል ስብርባሪና ገል ተቀላቅሎ ይተከል። የመትከያው ዕቃ ከታች ቀዳዳ ይኑረው።

3. ውሃ ማጠጣት፦ የፋሌኖፕሲስ ሥር ሲደርቅ እንደ ብር ይነጣል፤ ሲረጥብ አረንጓዴ ይሆናል። ሲነጣ ጠዋት ማጠጣት ነው፤ ይህም በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ሲሆን በክረምት ይዘገያል። ውሃ በቅጠሎቹ መካከል ከተጠራቀመ ልቡን ያበሰብሰዋል፤ በጨርቅ ይጠረግ።

4. ብርሃንና ማዳበሪያ፦ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ለፋሌኖፕሲስ ተስማሚ ነው፤ የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥላል። በውሃ የሚሟሟ የተመጣጠነ ማዳበሪያ በማሸጊያው ከታዘዘው መጠን ሩብ ያህሉ በየሁለት ሳምንቱ ይበቃል። ለእህል የሚሰጠውን ማዳበሪያ በእፍኝ መበተን ሥሩን ያቃጥለዋል።

የአበባው ወቅት

መስከረም ሲጠባ ደመናው ይገፈፋል፤ ብርሃኑ ይመለሳል፤ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ተክሉን ወደ ብርሃን አስጠግቶ ዘንጉን መጠባበቅ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። ከዘንግ እስከ አበባ ሦስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ በጥቅምት ዘንግ ያወጣ ተክል ጎንደር እንግዶቿን በምትቀበልበት በጥምቀት ሰሞን ሊደርስ ይችላል። እንቡጥ ከያዘ በኋላ ተክሉን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር አይገባም። ቡና ከሚፈላበት የከሰል ምድጃና ከበሰለ ሙዝም ይራቅ፤ ከሁለቱም ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ስለሚወጣ እንቡጡን ያረግፈዋል።

ከደን አይነቀል

በአገራችን ከ150 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች ይገኛሉ፤ በርካቶቹም በትላልቅ የደን ዛፎች ላይ ይበቅላሉ። በነጻ ተገኘ ብሎ ከቤተ ክርስቲያን ደን ነቅሎ መሸጥ ግን ትርፍ የለውም። የተነቀለው አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ ይሞታል፤ በደኑም በቀላሉ አይተካም። ዘሩ እንደ ዱቄት የደቀቀና ስንቅ የሌለው ስለሆነ ተስማሚ ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. የተቀበለችው የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነትም የኦርኪድን ዓለም አቀፍ ንግድ ይቆጣጠራል።

ስለዚህ ማኅበራት በእርሻ የተባዛ ተክል ብቻ ይግዙ። ለሆቴል ሲሸጡም አበባው ሲረግፍ ተክሉን መልሰው ለመረከብ ይዋዋሉ። በእያንዳንዱ ተክል ላይ የተገዛበትን፣ ዘንግ ያወጣበትንና ያበበበትን ቀን የያዘ ካርድ ይታሰር። የሁለት ዓመት መዝገብ የትኛው ክፍልና የትኛው ዓይነት እንደሚያዋጣ ለአባላቱ ያሳያል።