አውቶማቲክ ካምቢዮን ከሞተር ጋራ ስለ መግጠም

ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ አውቶሞቢል በገዛ እጁ ለማደስ የሚደፍር ሰው በአሜሪካ አገር ብዙ ነው። ልጆቹ መፍቻ እያቀበሉ፥ እመቤቲቱም ዘይት የነካው እጅ ወደ ማዕድ እንዳይቀርብ እየከለከለች፥ ሥራው የቤተ ሰብ ሁሉ ሥራ ይሆናል። ማርሹን በራሱ የሚለውጠውን አውቶማቲክ ካምቢዮ መፍታት እምብዛም አያስቸግርም፤ ጭንቀቱ የሚመጣው መልሶ በመግጠም ጊዜ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ቱርቦ ሃይድራማቲክ 400 የተባለው ካምቢዮ ነው። የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ በ1964 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ለካዲላክና ለቢዊክ አውቶሞቢሎች አወጣው፤ ጥንካሬውም ስለ ተመሰከረለት የእንግሊዙ ሮልስ ሮይስ ሳይቀር ለሲልቨር ሻዶው አውቶሞቢሉ ተቀበለው። ወደ ፊት የሚሄድበት ሦስት ማርሽ አለው፤ ክብደቱም 60 ኪሎ ያህል ነው።

በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ቶርክ ኮንቨርተር የሚሉት፥ ዘይት የተሞላ ክብ የብረት ዕቃ ይገኛል። የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያሳልፈው በውስጡ የሚሽከረከረው ዘይት ነው። ይህ ዕቃ በስተኋላው ያለው አንገቱ ወደ ካምቢዮው ሲገባ ሦስት ነገሮችን ሊይዝ ይገባዋል፤ እነርሱም የማይዞረው የደጋፊው ቱቦ ጥርሶች፥ የሚዞረው ዘንግ ጥርሶችና የዘይት ፖምፓው ማርሽ ሁለት ጉጦች ናቸው።

ጥፋቱ ሁሉ ከእነዚህ ጉጦች ይመጣል። አንገቱ ሁለቱን ይዞ ጉጦቹን ሳይዝ ቢቀር፥ ለዓይን ፈጽሞ የገባ ይመስላል። ካምቢዮው ወደ ሞተሩ ሲቀርብ ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። በዚህ ጊዜ የቸኮለው ሠሪ «ቡሎኑ ይስበዋል» ብሎ ማጥበቅ ይጀምራል። ቡሎኑም በእውነት ይስበዋል፤ የሚስበው ግን ፖምፓውን እየጨፈለቀ ነው። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሲነሣ ማርሹ ይሰበራል፥ ዘይቱም በፊት በኩል ይፈሳል፥ አውቶሞቢሉም ከቦታው አይነቃነቅም። የብዙ ሳምንት ድካም በአንድ ቁልፍ ዙር ይጠፋል ማለት ነው።

ስለዚህ ካምቢዮው ገና በጠረጴዛ ላይ ሳለ፥ አንድ ሊትር ያህል ዘይት በኮንቨርተሩ ውስጥ አፍስሶ፥ አንገቱን ዘይት ቀብቶ፥ እያዞሩ በቀስታ መግፋት ይገባል። እየገባ ሲሄድ በየጊዜው ጥቂት ወደ ውስጥ ሲወድቅ እጅ ይሰማዋል። የካምቢዮው ፊት ያለ ቡሎን ኃይል፥ በእጅ ግፊት ብቻ ከሞተሩ ጋራ መገናኘት አለበት። ካልተገናኘ ማውረድ ነው፤ ሌላ መላ የለውም። ቡሎኖቹ ከጠበቁ በኋላም ኮንቨርተሩ በእጅ እንደ ልብ መዞር፥ ከሚታሰርበትም ሳሕን ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር መራቅ አለበት፤ ወደ ፊት ተስቦ የሚታሰረው ከዚህ በኋላ ነው።

በካምቢዮው ውስጥም ነገሩ ይኸው ነው። አንድ የፍሪሲዮን ዲስክ በከበሮው ጥርስ ላይ ሳይቀመጥ ቢቀር፥ ከበሮው ከፍ ብሎ ይቆማል፥ ፖምፓውም አይገጥምም። የፖምፓው ቡሎኖች በየጥቂቱ ሲጠብቁ ዘንጉን በእጅ ማዞር ያስፈልጋል፤ እንቢ ባለበት ቅጽበት ማቆም ነው። ቀጫጭኖቹን ቀለበቶች በቦታቸው ለማቆየት በየቤቱ የሚገኘው ቫዝሊን ይበቃል፥ በዘይቱ ይሟሟልና። የኩሽኔታ ግራሶ ግን አይሟሟም፥ ቀጭኑንም የዘይት መንገድ ይደፍናል። የጥጥ ጨርቅም ክሩን ስለሚተው እንዲሁ ይከለከላል።

ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ጉድለት ቢታይ፥ የጎደለው ማርሽ ራሱ ይናገራል። ሦስተኛው ማርሽና የኋላው ማርሽ አብረው ከጠፉ፥ ሁለቱን የሚያገለግለው አንዱ ፍሪሲዮን ነውና የፒስቶኑ ጎማ ሲገጠም ተቈርጦ እንደ ሆነ መመርመር ነው። ሦስተኛው እያለ የኋላው ብቻ ከጠፋ፥ ከበሮውን አቅፎ የሚይዘው የኋላው የብረት ጥብጣብ ይጠረጠራል። ማርሹ ባዶ ሆኖ አውቶሞቢሉ ወደ ፊት ከተሳበ ደግሞ የፊተኛው ፍሪሲዮን መላቀቅ አልቻለም። ይህ ሁሉ ሲፈተን ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው፥ አውቶሞቢሉ በጽኑ መቆሚያ ላይ ሆኖ፥ ልጆችም ርቀው ይሁን። በክሪክ ብቻ ከቆመ አውቶሞቢል ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው።

የዘይቱን ማቀዝቀዣ ብዙዎች ይዘነጉታል። አሮጌው ካምቢዮ ሲበላሽ የብረት ብናኝ ወደ ራዲያተሩ ቧንቧ ይልካል፤ ቧንቧው ሳይታጠብ አዲሱ ዘይት ቢሞላ፥ ያው ብናኝ በመጀመሪያው ቀን ወደ ታደሰው ካምቢዮ ይመለሳል። ከታጠበ በኋላ ዘይቱ በየጥቂቱ ይሞላል፤ ልኩም የሚታየው አውቶሞቢሉ በሜዳ ቆሞ፥ ሞተሩ ሞቆና እየሠራ፥ ማርሹ በማቆሚያው ላይ ሳለ ነው።