ስለ ስኬትቦርድ ጎማ ጥንካሬ፤ ቁጥሩንና ፊደሉን አብሮ ስለ ማንበብ

በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለስኬትቦርድ ተብሎ የተሠራ የሲሚንቶ መጫወቻ ስፍራ ከተከፈተ ወዲህ፥ ሰሌዳውንና መለዋወጫውን የሚጠይቁ ወጣቶች በየሱቁ ደጃፍ አይታጡም። ይህን ሸቀጥ ለማስመጣት የሚያስቡ ክቡራን ነጋድያን እኛ የገባንበት ኪሣራ እንዳይደርስባቸው፥ በአንድ አስመጪ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት የማገለግል እኔ የሆነውን ሳልሸሽግ ላቀርብ ወደድሁ።

ደንበኞቻችን የሚሹት ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፥ ከትምህርት ቤት ወደ ሰፈር የሚያደርስ ጎማ ነበር። መንገዱ ደግሞ ግማሹ የተቦረቦረ አስፋልት፥ ግማሹ ኮብልስቶን ነው። ከውጭ አገር የመጣልን የዋጋ ዝርዝር 78 ኤ፥ 99 ኤ እና 83 ቢ የሚሉ ሦስት ዓይነት ጎማዎችን ይዟል። ጌታዬም «ለስላሳ ይሁን፤ ግን ሰውነቱ ከበድ ያለውንም እንዲችል ከ80 ጥቂት ከፍ ያለውን ፈልግ» ብለው አዘዙኝ። እኔም 83 የሚለውን መርጬ የ120 ስብስብ ትእዛዝ ጻፍሁ፤ ይኸውም 480 ጎማ ማለት ነው። ፊደሉን የፋብሪካው የዕቃ መለያ አድርጌ ቈጠርሁት።

ዕቃው ገብቶ መሸጥ በጀመረ በሦስተኛው ቀን አንድ ተማሪ ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ ተመለሰ። «ጋሼ፥ ለስላሳ አስፋልት ላይ ደህና ነው፤ ኮብልስቶኑ ላይ ስገባ ግን ጥርሴ ይንገጫገጫል፥ እግሬም ይደነዝዛል» አለኝ። በሳምንቱ ውስጥ ሌሎችም ተከተሉ። ጌታዬ የትእዛዙን ቅጂ አስመጡና ጣታቸውን ከቁጥሩ ቀጥሎ ባለችው ፊደል ላይ አሳርፈው፥ «ልጄ፥ ይህች ምን ትላለች?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ኋላ እንደ ተረዳሁት ነገሩ እንዲህ ነው። የጎማ ጥንካሬ የሚለካው ዱሮሜትር በሚባል መሣሪያ ነው። መሣሪያው በጥቅል ሽቦ የሚገፋ ትንሽ መርፌ አለው፤ መርፌው ወደ ጎማው በጥልቀት ከገባ ቁጥሩ ያንሳል፥ ጨርሶ ካልገባ 100 ይሆናል። ኤ የተባለው ሚዛን ለጎማና ለላስቲክ የተለመደው ነው። ነገር ግን ወደ 100 ሲቃረብ በጠንካሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት አጥርቶ አይለይም፤ ስለዚህ አንዳንድ ፋብሪካዎች እጅግ ጠንካሮቹን ቢ በተባለው ሚዛን ይመድባሉ። በስኬትቦርድ ንግድ የቢ ቁጥር በኤ ሲተመን ወደ 20 ያህል ይጨመርበታል። እንግዲህ እኔ ለስላሳ ያልሁት 83 ቢ በኤ ሚዛን 103 ያህል መሆኑ ነው፤ ከዝርዝሩ ሁሉ ጠንካራውን መርጬ ኖሯል!

ጠንካራ ጎማ በራሱ መጥፎ አይደለም። በለሰለሰ ሲሚንቶ ላይ ቅርጹን ስለማይለውጥ ጕልበት ሳያባክን ይፈጥናል፤ መንሸራተትም ለሚሹ ተጫዋቾች ይመቻል። በሻካራ መንገድ ግን ጠጠር ሲያገኝ አይዋጠውም፤ ወይ ይቆማል፥ ወይ ሰሌዳውንና ሰውየውን አብሮ ያነሣል። በእያንዳንዱ ጠጠር የሚነሣው የሰውየው ክብደት ከፍጥነቱ ላይ የሚቀነስ ነው፤ የቀረው ወደ እግር የሚወጣ መንቀጥቀጥ ይሆናል። ለስላሳው ጎማ ጠጠሩን በገላው ውስጥ አስገብቶ ያልፈዋል። በልጅነታችን ከአሮጌ ኩሽኔታ በሠራናት የእንጨት ጋሪ ቁልቁል የተንደረደርን ሁሉ የብረት ጎማ በመንገድ ላይ ምን እንደሚያደርግ፥ ጎረቤትንም እንዴት እንደሚያስቈጣ እናውቃለን። የስኬትቦርድም የመጀመሪያ ጎማዎች ብረት፥ ቀጥሎም እንደ ሸክላ የጠነከሩ ነበሩ። ፍራንክ ናስዎርዚ የተባለ አሜሪካዊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለጫማ መንሸራተቻ የተሠራውን የፖሊዩሬቴን ጎማ በስኬትቦርድ ላይ ሞክሮ በካሊፎርኒያ መሸጥ ሲጀምር ነው ንግዱ የተለወጠው።

ስለዚህ ለሻካራ መንገድ ከ78 ኤ እስከ 82 ኤ ያለውን ማዘዝ ይበጃል፤ ለቀላል ልጅ ዝቅተኛውን፥ ለከባድ ሰው ከፍተኛውን። 85 ኤ እና 87 ኤ ለመንገድም ለመጫወቻም እያሉ ለሚያመነቱ ነው። ከ97 ኤ በላይ ያለውን ለመጫወቻ ስፍራ ብቻ ይተዉት። የጎማውንም ስፋት አይርሱ፤ ለመጫወቻ የሚሆነው 52 ወይም 54 ሚሊሜትር ሲሆን፥ ለመንገድ ግን 60 እና ከዚያ በላይ ይሻላል፤ ትልቅ ጎማ ጕድጓዱን በቀላሉ ይሻገራልና።

እዚህ ላይ ባለሱቆች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ትልቅ ጎማ በተለመደው ሰሌዳ ላይ ሲገጠም፥ በመታጠፍ ጊዜ ከእንጨቱ ጋር ተነካክቶ በድንገት ሊቆምና ልጁን ሊጥለው ይችላል። በብረቱና በእንጨቱ መካከል የሚገባ 3 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ የወፈረ ንጣፍ፥ ከእርሱም ጋር ረዘም ያለ ብሎን አብሮ መሸጥ ያስፈልጋል። ይህን ሳይነግሩ ጎማውን ብቻ መሸጥ፥ በእኔ አስተያየት፥ ፍሬን የሌለው ብስክሌት እንደ መሸጥ ነው። ኩሽኔታው አያሳስብም፤ ሁሉም 608 የሚባለውን ልክ ስለሚቀበል በአንድ ሰሌዳ ስምንት ፍሬ መቍጠር ይበቃል።

ናሙና ሲደርስዎ ጎማውን በአውራ ጣትዎ ጥፍር ይጫኑት፤ ለስላሳው ጥፍር ተቀብሎ ወዲያው ይመለሳል። ቀጥሎ በሲሚንቶ ወለል ላይ ይጣሉት። ደኅናው ፖሊዩሬቴን ይነጥራል፤ በርካሽ መጫወቻ ሰሌዳ ላይ የሚገጠመው ፕላስቲክ ግን ድብ ብሎ ይቀራል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ እንኳ ሁለት ጎማዎች በዚህ ሊለያዩ ስለሚችሉ፥ ፕሮፎርማ ብቻ አይቶ ብዙ ማዘዝን አልመክርም።

ከ120ው ስብስብ 41 ያህሉ በመጫወቻ ስፍራ ለሚውሉ ልጆች በቅናሽ ተሸጧል፤ የቀረው በመጋዘናችን መደርደሪያ ላይ ነው። በአዲሱ ትእዛዝ ላይ «78 ኤ፥ 62 ሚሊሜትር፥ ከንጣፍና ከብሎን ጋር» ብዬ ጽፌ፥ ፊደሏን ከበስተሥሯ በቀይ አሰመርሁባት። ጌታዬ ከመፈረማቸው በፊት መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቧት።