ከዐረብ አገር መልስ፦ ቤት መግባትም አደብ አለው

ከደሴ የተነሳው አውቶቡስ አቀስታን አልፎ መካነ ሰላም ሲደርስ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ከዐረብ አገር የምትመለስ እህት አትጠፋም። ቤተሰብ በደስታ ይቀበላታል፤ ቡና ይፈላል፤ ዱዓ ይደረጋል። ጎረቤቱም «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» ይላታል። ሳምንት ሳይሞላ ግን «ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ቀጥሎም «መቼ ትመለሻለሽ?» ይመጣል።

በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታት ከክረምት ዕረፍት በኋላ ወንበራቸው ባዶ ሆኖ የቀሩ ተማሪዎች ነበሩን። ዛሬ አንዳንዶቹ ተመልሰዋል። ስንጨዋወት ደጋግመው የሚነግሩን ነገር አለ፦ ከመሄዱ ይልቅ መመለሱ ከበደን ይላሉ።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። በ2006 ዓ.ል (እ.ኤ.አ 2013) መጀመሪያ ሳዑዲ ዐረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። እ.ኤ.አ በ2017 ሁለተኛ ዙር ዘመቻ መጣ። በ2022 ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት ወደ 100,000 የሚጠጉ ዜጎችን ለመመለስ ተስማሙ። ቦረናን፣ ወግዲን፣ ከላላን፣ ሳይንትንና ለጋምቦን ጨምሮ በደቡብ ወሎ ከዐረብ አገር የተመለሰ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ለምን ይከብዳል?

አንደኛ፣ ሁለቱም ወገን ተለውጧል። እርሷ ለዓመታት በሰው ቤት፣ በሰው ቋንቋና በሰው ሰዓት ኖራለች። የሄደችው በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ሲሆን ዛሬ ሙሉ ሴት ናት። ቤተሰብ የሚጠብቀው ግን የያኔዋን ልጅ ነው። ታናናሾቿ አድገዋል፤ ለአያት ጥላው የሄደችው ልጇ «እማ» የሚለው አያቱን ነው።

ሁለተኛ፣ የደጋው ኑሮ እንደ ደመወዝ በየወሩ አይደርስም። ገብሱም ባቄላውም ወቅቱን ይጠብቃል። በየወሩ ገንዘብ ስትልክ የኖረች ሴት ድንገት ሳሙና መግዣ ጠያቂ መሆኗ ያሳፍራታል።

የመመለስ አደብ

ሸሪዓ የሄደን ሰው መመለስ ዝም ብሎ አላለፈውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጉዞ ሲመለሱ መጀመሪያ መስጂድ ገብተው ሁለት ረከዓ ይሰግዱ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ቆይቶ የተመለሰ ሰው በሌሊት ድንገት ወደ ቤተሰቡ እንዳይገባም ከልክለዋል፤ ቤት ያሉት ተዘጋጅተው ይቀበሉት ዘንድ። ከዚህ የምንማረው መመለስ ለመጪውም ለተቀባዩም ዝግጅት የሚጠይቅ መሆኑን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የዕረፍት ይሁኑ። ስለ ገንዘብና ስለ ትዳር የሚነሳው ጥያቄ ይቆይ። ልጇንም በግድ ከአያቱ ከመንጠቅ ቀስ በቀስ ማላመድ ይሻላል።

የተላከው ገንዘብ የማን ነው?

ብዙ ቤት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ልጅ ስምንት ዓመት ትልካለች፤ ቤት ይሠራል። ስትመጣ ካርታው በወንድሟ ስም ሆኖ ታገኘዋለች። እርሱ «ለቤተሰብ ብላ ነው የላከችው» ይላል፤ እርሷ «ለእኔ እንዲቀመጥ ነው» ትላለች።

ፊቅህ እዚህ ላይ ልዩነቱን ለይቶ አስቀምጧል። ለወላጅ ቀለብና መታከሚያ ብላ በስጦታ የሰጠችው ሂባ ነው፤ ምንዳዋን ከአላህ ትጠብቃለች እንጂ መልሱልኝ አትልም። «አስቀምጡልኝ» ወይም «ቤት ሥሩልኝ» ብላ የላከችው ግን አማና ነው፤ ተቀባዩ ወኪል እንጂ ባለቤት አይደለም። ከፈቃዷ ውጪ ካጠፋው ዕዳ አለበት። አማናን ለባለቤቱ መመለስ በሱረቱ አን-ኒሳእ 58 የታዘዘ ነው። እዚያው ሱራ 32 ላይ ሴቶችም ከሠሩት ድርሻ እንዳላቸው ተገልጿል።

ስለዚህ ገና በውጭ ላላችሁ ምክራችን አጭር ነው። በላካችሁ ቁጥር «ይህ ለእናቴ ነው፣ ይህ የእኔ ነው» በሉ፤ በመልእክትም ቢሆን በጽሑፍ ይቀመጥ። ሱረቱል በቀራ 282 ብድርን መጻፍና ማስመስከር ያዘዘው በሰዎች መካከል ጥርጣሬ እንዳይገባ ነው። የሐዋላ ደረሰኝ አትጣሉ። ቤትም ሆነ ቦታ በራሳችሁ ስም ይሁን። ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ደግሞ ከፍርድ ቤት በፊት የሱልህ በር አለ፤ የቅሬ ሽማግሌዎችና ዑለማዎች ይቀመጡበት። ሱልህ ማለት ግን የእህትን ሐቅ በ«ለዝምድና ብለሽ ተይው» ማለፍ አይደለም።

«ገበያውን አሳዩኝ»

አብዱረህማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ከመካ ተሰደው መዲና ሲገቡ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። የአንሷሩ ወንድማቸው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) የሀብታቸውን እኩሌታ ሊሰጧቸው ፈለጉ። እርሳቸው መርቀው ተዉትና ገበያው የት እንደሆነ እንዲያሳዩዋቸው ጠየቁ። ሥራ የጀመሩት በአይብና በቅቤ ነበር።

በታሪኩ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። ብዙዎቻችን የአብዱረህማንን ጥንካሬ እንጠቅሳለን፤ የሰዕድን የተከፈተ እጅ ግን እንረሳለን። ተመላሿ በትንሹ ለመጀመር አትፈር፤ ቅቤ፣ እህል፣ ዶሮ፣ በዐረብ አገር የለመደችው የምግብ ሙያ ሁሉ መነሻ ይሆናል። ጎረቤቷ እቁብ ያስገባት፤ ነጋዴው ዱቤ ይስጣት፤ ቅሬው ያለፈውን መዋጮ ቆጥሮ አይግፋት። ይህ ካልሆነ ደላላው በሩ ላይ ነው፤ የየመኑን መንገድም ዳግም ትጀምረዋለች።

የማይታየው ቁስል

እንቅልፍ ያጣች፣ የምትደነግጥ፣ ከሰው የምትሸሽ እህት ካለች «ጂን ነው» ብሎ መደምደም አይገባም። በእስር ቤትና በአሠሪ ቤት የደረሰባትን ለማንም ያልነገረች ትሆናለች። ቁርኣን ይቀራባት፤ ጤና ተቋምም ትወሰድ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለዋል፤ ሩቅያና ሕክምና አይጣሉም። ስለ ደረሰባት ነገር ወሬ ማዛመት ግን ሐሜት ነው፤ ነውሯን መሸፈን ደግሞ ግዴታችን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንዲት እህት ስትመለስ ምን ይዛ እንደመጣች አንጠይቃት። «ደህና ነሽ? ምን እናግዝሽ?» እንበላት። አላህ (ሱ.ወ) የተሰደዱትን በሰላም ይመልስልን፤ የተመለሱትን ያረጋጋልን። አሚን።