ተመልካቹም ይጨፍራል

ባሌት ለማየት ብሎ ጭፍራ የሚወርድ ሰው የለም። ከወልዲያ ተነስቶ ወደ ሚሌ በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ የወሎ ደጋ ወደ ቆላ ቁልቁል ከሚወርድበት ግርጌ ያለችው ይህቺ የአፋር ከተማ የምትታወቀው በገበያዋ ነው፤ ከብት፣ ግመልና ፍየል የሚነዳው አርብቶ አደር እህል ይዞ ከሚወርደው ገበሬ ጋር ይገናኝባታል። መጋረጃው የሚገለጥ አዳራሽ፣ ከመድረኩ ሥር የሚቀመጥ ኦርኬስትራ፣ በእግሯ ጣት ጫፍ የምትቆም ባሌሪና ከዚህ ሩቅ ናቸው። ያም ሆኖ የአንጎል ተመራማሪዎች ባለፉት ሃያ ዓመታት ስለ ባሌት ተመልካች የደረሱበትን ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ የጭፍራና የአካባቢዋ ጨዋታ ነው። የያዙት ጥያቄ ሰርግ ላይ ቆሞ ለሚያጨበጭበው ሰውም ይሠራልና፦ ሌላው ሲጨፍር ቆሞ በሚያየው ሰው ሰውነት ውስጥ ምን ይካሄዳል?

የጥናቱ መነሻ ከጭፈራ ጋር አይገናኝም። በጣልያን ፓርማ ከተማ ጃኮሞ ሪዞላቲና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጦጣ አንጎል ሲያጠኑ፣ ጦጣዋ ምግብ በእጇ ስታነሳ የሚነቁ አንዳንድ ነርቮች ሰው ሲያነሳ ስታይም እንደሚነቁ አስተዋሉ። እጇ አልተንቀሳቀሰም፤ አንጎሏ ግን ከድርጊቱ ድርሻ ወስዷል። እነዚህ ነርቮች የመስታወት ነርቮች ተባሉ። በሰው ላይ ሥራቸው እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ። ማየትና ማድረግ በአንጎል ውስጥ የሚጋሩት ሰፈር እንዳለ ግን ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል።

ይህን ወደ መድረክ ካመጡት አንዷ ቤአትሪስ ካልቮ-ሜሪኖ ናት። ለንደን ውስጥ፣ በ2005 በታተመው ጥናት፣ እሷና ባልደረቦቿ ሦስት ዓይነት ሰዎችን በኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝተው አጫጭር ቪዲዮ አሳዩአቸው፦ የባሌት ተወዛዋዦችን፣ ትግልና ጭፈራ የተዋሃዱበትን የብራዚል ካፖዌራ የሚሠሩ ሰዎችን፣ እንዲሁም ከሁለቱም የሌሉበትን። ቪዲዮው ግማሹ ባሌት፣ ግማሹ ካፖዌራ ነበር። የባሌቱ ሰው ባሌት ሲያይ፣ የካፖዌራው ሰው ካፖዌራ ሲያይ፣ እንቅስቃሴን የሚያቅዱት የአንጎል ክፍሎች ጎላ ብለው ሠሩ። የማያውቁትን ሲያዩ ግን ያን ያህል አልሆነም። ሁሉም ያዩት አንድ ዓይነት ምስል ነው፤ ምስሉ ያገኘው ሰውነት ግን ይለያያል።

ቡድኑ በዓመቱ ሌላ ብልሃት ጨመረ። በባሌት የወንዱና የሴቷ እንቅስቃሴ ብዙ ቦታ ላይ የተለያየ ነው፤ በአንድ አዳራሽ ስለሚለማመዱ ግን አንዱ የሌላውን ዕለት ዕለት ያያል። ወንዶቹና ሴቶቹ የራሳቸውንና የሌላውን ፆታ እንቅስቃሴ ሲያዩ፣ በአካላቸው የሚሠሩት እንቅስቃሴ የአንጎላቸውን የእንቅስቃሴ ክፍሎች ይበልጥ ቀሰቀሰ። ማድረግ ከማየት የተለየ ዕውቀት ይሰጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብናቆም ለተመልካች የሚተርፈው ጥቂት ነበር። አብዛኛው የቲያትር ታዳሚ አንዲት የባሌት እርምጃ እንኳ አልሞከረምና። በ2012 የወጣው የኮሪን ዮላና የባልደረቦቿ ጥናት ስለዚህ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። እነሱ ተወዛዋዦችን ትተው ተመልካቾችን ጠሩ፦ ዘወትር ባሌት የሚያዩ፣ ዘወትር የህንድ ውዝዋዜ የሚያዩ፣ ለሁለቱም እንግዳ የሆኑ። አንዳቸውም የሚያዩትን ውዝዋዜ አልሠለጠኑበትም። ተወዛዋዥዋ በአካል ፊታቸው ቆማ ስትሠራ፣ በራሳቸው ላይ በተያዘ የሽቦ ጥቅል አጭር የመግነጢስ ምት ወደ አንጎላቸው ይላካል። ምቱ እንቅስቃሴን የሚያዘውን ሰፈር ሲነካ የክንድ ጡንቻ በትንሹ ይኮማተራል፤ ሰፈሩ ቀድሞ ከነቃ ደግሞ ኩምትርታው ይጨምራል። ባሌት ማየት የለመዱት ባሌት ሲያዩ የክንዳቸው ምላሽ ከፍ አለ። ዓመታት ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩት ነገር ክንዳቸው ድረስ ወርዷል።

በዚህ ሚዛን የጭፍራን ተመልካች እንየው። አንድ የአፋር ልጅ መራመድ ሳይችል በእናቱ ጀርባ ሆኖ ጭብጨባ ይሰማል፤ ከፍ ሲል ከክቡ ጠርዝ ቆሞ የታላላቆቹን እግር ያያል፤ መሀል ለመግባት የሚፈቀድለት ብዙ ቆይቶ ነው። እሱ እስኪገባ ዓይኑ ሲማር ኖሯል። ጉልበታቸው አልታዘዝ ያላቸው አዛውንትም ዳር ተቀምጠው ሲያዩ ከጨዋታው ወጥተዋል ማለት አይቻልም። የዘፈኑ ምት ሲመጣ ትከሻው ስብር ስብር የሚል የወሎ ሰው ሊያስረዳን ሳይቸገር የሚያውቀውን ነገር ነው ጥናቱ በመሣሪያ የለካው።

ታዲያ የጭፍራው ተመልካች አንድ ቀን ባሌት ቢያይ ባዶ እጁን ነው የሚቀመጠው? አይመስለኝም። ኤሌና ዳፕራቲ፣ ማርኮ ዮሳና ፓትሪክ ሃጋርድ የለንደኑ ሮያል ባሌት ከ1946 እስከ 2004 ያሳየውን «ስሊፒንግ ቢዩቲ» የተባለ ባሌት ፎቶና ፊልም መርምረው፣ ተወዛዋዦቹ እግራቸውን የሚያነሱበት ከፍታ ከአሥር ዓመት አሥር ዓመት እየጨመረ መምጣቱን ለኩ። ድርሰቱ አንድ ነው፤ እግሩ ግን ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ የእነዚህን አቋቋሞች ቅርጽ ብቻ ባሌት ለማያውቁ ሰዎች ሲያሳዩ ቀጥ ወዳለውና ወደ ከፍተኛው አደሉ። የኤሚሊ ክሮስ ቡድን በ2011 እንዳሳየው ደግሞ፣ ያልሠለጠኑ ሰዎች ይበልጥ የሚወዱት «እኔ ይህን አልችልም» ያሉትን እንቅስቃሴ ነበር። እንግዳው ተመልካች የስልቱን ስም ባያውቅም ክብደቱን በገዛ አካሉ ይመዝናል።

አካሉ ግን ይታለላልም። ባሌሪናዋ እግሯን ዘርግታ ስትዘል አየር ላይ የተንሳፈፈች ትመስላለች። ስትዘል የክብደት ማዕከሏ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ቅስት ሠርቶ ይወጣል ይወርዳል፤ ሕጉን ማንም አይሽርም። ጫፍ ላይ ስትደርስ ግን እግሯንና ክንዷን ታነሳለች፤ ያኔ የክብደት ማዕከሉ በሰውነቷ ውስጥ ወደ ላይ ይሸሽና ራሷ ለቅጽበት ባለበት ቁመት ይሄዳል። ዓይናችን የሚከተለው ራሷን ነው። በዚያ ላይ ማንኛውም ዝላይ የጊዜውን ግማሽ የሚያሳልፈው ከከፍታው የላይኛ ሩብ ውስጥ ነው፤ ግማሽ ሜትር የዘለለ ሰው አየር ላይ ከሚቆይበት 0.64 ሰከንድ ውስጥ 0.32 ያህሉ እዚያው አናት ላይ ያልፋል።

ሌላው ተመልካችን የሚያፈዝ ነገር መሽከርከሩ ነው። ጣልያናዊቷ ፒየሪና ሌኛኒ በ1895 በሴንት ፒተርስበርግ «ስዋን ሌክ» በተባለው ባሌት ላይ በአንድ እግሯ 32 ጊዜ ከተሽከረከረች ወዲህ ታዳሚው ያን ቁጥር ይጠብቃል። ተወዛዋዦች ዓይናቸውን አንድ ቦታ ላይ ተክለው ራሳቸውን በመጨረሻ በፍጥነት በማዞር ይረዱታል። በ2013 የወጣ የኢምፔሪያል ኮሌጅ ጥናት 29 የባሌት ሴቶችን ከ20 ጀልባ ቀዛፊ ሴቶች ጋር አነጻጽሮ፣ ጨለማ ውስጥ በወንበር ተሽከርክረው ሲቆሙ የተወዛዋዦቹ የመዞር ስሜት ቶሎ እንደሚጠፋ አገኘ። ልምምዱ አንጎላቸው የውስጥ ጆሮን መልእክት የሚቀበልበትን መንገድ ለውጦታል።

ወደ ታዳሚው ልመለስ፤ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ጭብጨባው ነውና። በ2000 ዞልታን ኔዳና ባልደረቦቹ በሩማንያና በሃንጋሪ ቲያትሮች የተቀዳ ጭብጨባ «ኔቸር» መጽሔት ላይ ተንትነው አወጡ። ትዕይንቱ ሲያልቅ ሁሉም በየራሱ ፍጥነት ያጨበጭባል። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ማንም ሳያዝ ጭብጨባው አንድ ይሆናል። ለዚህም እያንዳንዱ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ሰው በፍጥነት ሲያጨበጭብ ከጎረቤቱ ጋር መገጣጠም ይከብደዋል። ሲዘገይ ግን ድምሩ ድምፅ ይቀንሳል፤ ታዳሚው አድናቆቱን ለማጉላት እንደገና ይፈጥናል፣ አንድነቱም ይፈርሳል። መግጠምና መድመቅ አብረው አልሄድ ይላሉ።

የአፋር ክብ ይህን ችግር ከመነሻው ፈትቶታል፤ ጭብጨባው ሲያልቅ የሚሰጥ ዋጋ ሳይሆን ጨዋታው የቆመበት መሣሪያ ነው። ጀኒሌ የተባለውን የአፋር ጭፈራ ማሰብ ይበቃል። ወንዶች ተጠጋግተው ክብ ይሠራሉ፣ እያጨበጨቡ ያዜማሉ፣ መሀል ያለው ባለ ትንቢት የተጠየቀውን በግጥም ይመልሳል። በ1933 እና በ1934 አዋሽን ተከትሎ በአፋር ምድር የተጓዘው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲገር ካሰፈራቸው ትዕይንቶች አንዱ ነው። በዚህ ክብ ውስጥ ተመልካች የት ላይ እንደሚያበቃ፣ ከዋኝ የት ላይ እንደሚጀምር መስመር ማስመር አይቻልም። እጁን የሚያወርድ ሰው ትዕይንቱን ያጎድላል።

በአንጻሩ ጨለማ ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ በአውሮፓም ቢሆን ጥንታዊ አይደለም። ሪቻርድ ቫግነር በ1876 በባይሮይት አዳራሹን እስኪያጨልም ድረስ የታዳሚው መብራት መብራቱ የተለመደ ነበር። ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ ይህን አቀማመጥ ከነወንበሩ ወረሰ። አቀማመጡን አልነቅፍም፤ ዝምታው ረቂቅ እንቅስቃሴን ለማየት ይረዳል። የሚያሳዝነኝ የአፋር ጨዋታ ለበዓል መድረክ ላይ ሲወጣና ክቡ ተከፍቶ ወደ ካሜራው ሲዞር ነው፤ ያኔ አብዛኛው ታዳሚ እጁን አጣምሮ ይቀራል።

ማን ማንን እንደሚያይም ይቆጠራል። ስፔን ውስጥ ሳን ፔድሮ ማንሪኬ በምትባል መንደር በፍም ላይ በባዶ እግር የመራመድ ሥርዓት አለ። ኢቫና ኮንቫሊንካና ባልደረቦቿ በ2011 ባወጡት ጥናት የተራማጁ ልብ አመታት ከሚመለከቱት ዘመዶቹና ወዳጆቹ ልብ ጋር ሲገጥም፣ ከእንግዳ ተመልካች ጋር ግን አልገጠመም። ጭፍራ ሰርግ ላይ ከክቡ መሀል የሚገባው የአጎት ልጅ ነው፣ የጎሳ ወንድም ነው።

ሁለቱ ዓለሞች፣ የአውሮፓው መድረክና የእኛው ጨዋታ፣ እኛው አገር ተገናኝተው ያውቃሉ። በ1996 እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ውስጥ ከጎዳና ልጆች ጋር «ካርሚና ቡራና» የተባለውን የዳንስ ትርዒት ሠራ፤ ከዚያ ሥራ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ። ከአዱኛ የወጡት ጁነይድ ጀማልና አዲሱ ደምሴ በ2009 ለንደን ሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ቆሙ። ይህን ሳስብ «ለእኛ ታዳሚ ይከብዳል» የሚለው ሰበብ አይዋጥልኝም።

ዮላና ማሪ-ኤለን ግሮብራስ በ2013 አንድ ተጨማሪ ነገር ለክተዋል፦ ውዝዋዜ የማያውቅ ሰው በአካል ሲያይ የአንጎሉ የእንቅስቃሴ ሰፈር በቪዲዮ ከሚያየው ይልቅ ይነቃል። የጭፍራ ወጣት ዛሬ የዓለምን ውዝዋዜ በስልኩ ያያል፤ የሚጎድለው በአካል ማየት ነው። ባሌት በጣት ጫፍ ለመቆም የሚነጥር የእንጨት ወለል ይፈልጋል፣ ወደ ቆላ ይዞ መውረዱም ቀላል አይደለም። በባዶ እግር የሚሠራው ዘመናዊ ዳንስ ግን ድንጋዩ የተለቀመ ሜዳና ሙቀቱ የበረደበት ምሽት ይበቃዋል። እንዲህ ያለ ቡድን በወልዲያ አድርጎ ቢወርድ የምመክረው ወንበር እንዳይደረድርና ታዳሚው ክብ ሠርቶ እንዲቆም ነው፤ ጭብጨባውን ከመጀመሪያው ምት እንዲጠይቀው፣ ሲያበቃም ቦታውን ለጭፍራ ልጆች ለቅቆ እሱ በተራው ዳር ቆሞ እንዲያይ።