«ሙሌት»፣ «መደብ»፣ «ድልዳል»፦ ስለ ጉብ ያለ የአበባ ጥልፍ አሰያየም

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለውይይት የሚቀርበው ጥያቄ፣ በመርፌና በክር ከጨርቅ ገጽ ጉብ ብሎ የሚታይ አበባ የሚሠራበት የጥልፍ ዐይነት በአማርኛ ምን ሊባል ይገባል የሚል ነው። ሙያው የአንድ አገር ብቻ አይደለም፤ በትራስ ልብስ፣ በመጋረጃና በጠረጴዛ ልብስ ላይ አበባ መጥለፍ በመላው ኢትዮጵያ የታወቀ የቤት ውስጥ ሥራ ነው። ሆኖም ነገሩን ከሐይቅና ከአምባሰል አንጻር ለማየት መርጠናል። ለስያሜው ይበጃል የምንለው ቃል በዚያ አገር ገበሬ ቤትና መንገድ በየዕለቱ የሚነገር ነውና።

አስቀድሞ ሦስት ቃላት መለየት አለባቸው። «ጥለት» እና «ጥበብ» ሸማኔው ጨርቁን በሚሠራበት ጊዜ በማጉ የሚያወጣቸው ናቸው፤ ከጨርቁ ጋር አብረው ይወለዳሉ። «ጥልፍ» ግን ተሠርቶ ባለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚጨመር ነው። በንግግር እነዚህ ይምታታሉ፤ በጽሑፍ ግን ሊምታቱ አይገባም። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ተወስዶ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ያለውን የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤን ቀሚስ እንውሰድ። በባለቀለም ሐር የተጠለፈ የጥጥ ልብስ ነው። ይህን «ጥበብ ቀሚስ» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ የጠላፊውን ሥራ ለሸማኔው ሰጠ ማለት ነው። ስለ አንድ ልብስ ታሪክ ለሚመራመር ሰው ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም።

«ጠለፈ» የሚለው ግስ ራሱ ብዙ ሸክም አለበት። እግር ይጠለፋል፤ ልጃገረድ ትጠለፋለች፤ አውሮፕላን ይጠለፋል፤ ቀሚስም ይጠለፋል። በሁሉም ዘንድ የጋራ የሆነው፣ የሚሄድን ነገር ከመንገዱ ይዞ ወደ ራስ መሳብ ነው፤ መርፌም ክሩን ይዛ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ቋንቋው በስም ደረጃ ጥሩ መለያ አበጅቷል፦ ድርጊቱ ወንጀል ሲሆን «ጠለፋ»፣ ሙያ ሲሆን «ጥልፍ»። አድራጊውን በሚገልጸው ስም ግን ልዩነቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ዐውደ ንባቡ ግልጽ ካልሆነ በቀር ለመዝገብና ለትርጉም «ጥልፍ ሠሪ» ማለት ከ«ጠላፊ» ይሻላል።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አበባው የሚሠራው በሁለት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ ጨርቁ በሁለት የእንጨት ቀለበት መካከል ይወጠራል። የአበባው ቅጠል (የግንዱን አረንጓዴ ሳይሆን ቀለማሙን ማለታችን ነው) ዙሪያው በጥቃቅን ስፌት ይከበባል፤ ጠርዙ እንዳይዛነፍ የሚያደርገው ይህ ስፌት ነው። ቀጥሎ የቅጠሉ ውስጥ ከጠርዙ ጥቂት ገባ ተብሎ በክር ይሞላል። ክሩ በአብዛኛው በጨርቁ ፊት እንዲቀር፣ መርፌዋ ከበስተጀርባ የምትይዘው ጥቂት ብቻ ነው። መሐሉ ከዳሩ ከፍ እንዲል ሁለት ወይም ሦስት ድርብ ይደረጋል፤ ይህ የታችኛው ሥራ በቅጠሉ ቁመት ይሄዳል። በመጨረሻም የሚታየው ጥልፍ ይመጣል። መርፌዋ ከአንዱ ጠርዝ ወጥታ በማዶው ጠርዝ ትገባለች፤ በጨርቁ ጀርባ ዞራ ከመጀመሪያው ክር አጠገብ ትወጣለች። ክሮቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው፣ ሳይደራረቡ፣ በቅጠሉ ወርድ ያልፋሉ። ብልህ እጅ ከቅጠሉ መካከል ይጀምርና በግራና በቀኝ ይጨርሳል፤ ጫፍ ላይ ከተጀመረ የክሩ ዝንባሌ ሳይታወቅ ይጠማዘዛልና። አንዱ ክር ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙ ከረዘመ ይላላል፣ በጥፍርም ይያዛል። ስለዚህ ለአደይ አበባ ቀጫጭን ቅጠል ይህ ጥልፍ ይስማማል፤ ሰፊውን የጽጌረዳ ቅጠል ግን ከፋፍሎ መሥራት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው የአቅጣጫውን ነገር ነው። የታችኛው በቁመት፣ የላይኛው በወርድ መሄድ አለበት። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ የላይኛው ክር በታችኞቹ መካከል እየሰመጠ ገጹ ወጣ ገባ ይሆናል፤ ድካሙም ከንቱ ይቀራል። አሁን ደግሞ አንድ የሙያ መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው ለሁለቱም ሥራ «ሙሌት» የሚል አንድ ቃል ተጠቀመ እንበል፤ ሁለቱም ይሞላሉና ቃሉ ያሳስታል። «ሙሌቱን በወርድ ሥሪ» የሚል ትእዛዝ ያነበበች ተማሪ የቱን ልትሠራ ነው? በቃል አለመለየት የሚመጣ ጉዳት ለአምባሰል እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ1881 ዓ.ም. የውል 17ኛ አንቀጽ የአንድ ግስ አተረጓጎም አገርን ለጦርነት ያደረሰባት ውጫሌ የምትገኘው እዚያው ነው። የጥልፍ ጉዳይ እዚያ አይደርስም፤ ነገር ግን የተበላሸ ጨርቅም ጨርቅ ነው።

የውጭ ቋንቋዎች መንገድ አንድ አይደለም። እንግሊዝኛ ጥልፉን የሰየመው ሳቲን በሚባለው አንጸባራቂ ጨርቅ ነው፤ ጉብ ያለውንም ለመለየት «የተደለደለ» የሚል ቅጽል ይጨምራል። ጣሊያንኛ ልሙጡን «ፑንቶ ራዞ»፣ ማለትም የሳቲን ስፌት፣ ጉብ ያለውን ደግሞ «ፑንቶ ፒዬኖ»፣ ማለትም ሙሉ ስፌት ይላል። ፈረንሳይኛ እንዲሁ ልሙጡን «ፓሴ ፕላ»፣ ጉቡን «ፕሉምቲ» በማለት በሁለት ስም ይለያል። «የሳቲን ጥልፍ» ብሎ መዋስ ቀላል ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ስሙ የጨርቁን እንጂ የሥራውን ጠባይ አይነግረውም። በሐር ጨርቅ ላይ የተሠራ ጥልፍ ነው ብሎም ሊያስብ ይችላል።

ስለዚህ «ሙሌት ጥልፍ» ለላይኛው፣ ለሚታየው ሥራ ብቻ ተለይቶ እንዲሰጥ እናሳስባለን። ለታችኛው አስቀድሞ የሚታሰበው «መደብ» ነው፤ በጭቃ ከፍ ተደርጎ የተሠራ የቤት መቀመጫ ስለሆነ ምስሉ ያምራል። ዳሩ ግን «መደቡ ነጭ፣ አበባው ቀይ» ሲባል መደብ የጨርቁ የራሱ ገጽ ነው። ይህን የተለመደ ፍቺ መንጠቅ አይገባም። «ትራስ» ደግሞ ጥልፉ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በትራስ ልብስ ላይ በመሆኑ «የትራስ ትራስ» የሚል ሣቅ ያመጣል።

የሚስማማው «ድልዳል» ነው። ድልዳል በአህያ ወይም በበቅሎ ጀርባ ላይ ከጭነቱ በታች የሚደረግ ወፍራም ንጣፍ ነው። ከላይ አይታይም፤ ጭነቱ የሚያርፈው ግን በእርሱ ላይ ነው። ቃሉ ቤተ ዘመዱ ብዙ ነው፦ «ደለደለ» ለሥራው ግስ ይሆናል፤ «ደልዳላ» የሞላና የተስተካከለ ነገርን ይገልጻል፤ «ተደላደለ» በሚገባ መቀመጥን ያሳያል። አንድ የሙያ ቃል ግሱንና ቅጽሉን ይዞ ሲመጣ ተርጓሚው ሌላ ፍለጋ አይወጣም። የታችኛው ሥራ «የድልዳል ስፌት»፣ ጠቅላላው ሥራ «ባለድልዳል ሙሌት ጥልፍ» ይባላል፤ ያለ ታችኛው የሚሠራው «ልሙጥ ሙሌት ጥልፍ» ይሆናል። ትእዛዙም «በቁመት ደልድለሽ በወርድ ሙዪ» በሚል አጭር ዐረፍተ ነገር ይጠቃለላል።

ቃሉ የአህያ ነውና ለሐር ክር አይመጥንም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ይህ ከቋንቋ ሳይሆን ከኩራት የሚመጣ ነው። ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው «ድልድል» ከሚለው የምደባ ቃል ጋር በአንድ ፊደል ብቻ መለያየቱ ነው፤ በእርማት ጊዜ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጨርቁን የሚወጥረው የእንጨት ቀለበት «መወጠሪያ» ቢባል ይበቃል፤ በአበባው እምብርት የሚደረጉት ጥቃቅን እብጠቶችም «ቋጠሮ» ከመባል ሌላ ስም አያሻቸውም።